ነጠላና ቶብ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አለባበሳችን ጥቂት እንድንናገር አዘጋጆቹ ሲጠይቁን ሳቅን። በገዳሪፍ ሙቀት ስለ ጋቢ ምን ይወራል? አራት ድርብ ጋቢ እዚህ የሚወጣው ወባ ለያዘው ሰው ነው። ነጠላ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሴቶቻችን ወደ ገበያና ወደ ሥራ ሲወጡ ብዙዎቹ ቶብ ይለብሳሉ። ቶብ አራት ሜትር ተኩል ያህል ጨርቅ ስለሆነ ከራስ እስከ እግር ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 ልብሷ ያልተገባ የተባለች ሴት እስከ 40 ግርፋት ይፈረድባት ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሻሻል ድረስ ቶብ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ከለላም ነበር። ነጠላው በፌስታል ተጠቅልሎ ከዘንቢል ውስጥ ይሄድና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይወጣል። እናቶቻችን ያቆዩልን እንዲህ እያደረጉ ነው።

ለገና ነጭ ለብሰን ስንወጣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን «ማን ሞተባችሁ?» ብለው ደንግጠው ጠይቀውናል። አይፈረድባቸውም፤ በእነርሱ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ትለብሳለች። የእኛ ነጠላ ሐዘንና ደስታን የሚለየው በጥለቱ ነው። ለጸሎት ስንቆም ሁለቱን ጫፍ ደረት ላይ አመሳቅለን እናጣፋለን፤ ለቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቀን እንለብሳለን። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ይህን አያውቁም። በአንድ ሠርግ ላይ አንዲት ልጃችን ጥለቱን አዘቅዝቃ ገባች፤ የሙሽራዋ አያት ክፉ ምልክት መስሏቸው አለቀሱ። ልጅቱ ያጠፋችውን እንኳ አላወቀችም። የነገራት አልነበረምና ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ከካርቱም ወደዚህ የሸሹ እኅቶቻችን የለበሱትን ቶብ ብቻ ይዘው ደረሱ። በዚያ ቶብ ለጸሎት ሲመጡ ከመካከላችን ያጉረመረሙ ነበሩ። እኛ በዚህ አንስማማም። ከጥይት የሸሸች ሴት ራሷን ሸፍና፣ ጫፉን አመሳቅላ ከቆመች ምን ጎደላት? ጀለቢያ ለብሶ የመጣውን ወንድ ማንም ምንም አላለውም፤ ይህንንም አስተውለናል።

ስለዚህ ሁለት ነጠላ ያላችሁ አንዱን አጥባችሁ ለማኅበሩ አምጡ። እናቶችም ከቅዳሴ በኋላ ልጃገረዶቹን ሰብስባችሁ አጣፋፉን አሳዩልን። ወንዶቹንም ጥሩልን፤ እነርሱም አያውቁትም።