ካቦው የሚያውቀውን መዝገቡም ይወቀው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ከከተማይቱ ወደ ሰሜን አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲጀምር በገደሉ ላይ የተጠማዘዘውን መንገድ ማድነቁ አይቀርም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው ይህ መንገድ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የመሐንዲሶቹ ጥበብ ነው፤ ድንጋዩን ጠርቦ ግንቡን ያቆመው ሠራተኛ ስሙ እምብዛም አይነሣም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይኸው ልማድ በዛሬው የሠራተኛ አቀጣጠር ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳየት ነው።

በእንዲህ ያለ ተራራማ አገር ክረምቱ ሲወጣ የተደፈነው ቦይ ይጠረጋል፤ የፈረሰው ግንብ ይጠገናል። ያን ጊዜ ፎርማኑ ካቦውን ይጠራል፤ ካቦውም የሚያውቃቸውን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ይህ አሠራር ጨርሶ የሚነቀፍ አይደለም። ማን ትጉህ፣ ማን ሰነፍ፣ ማንስ ድንጋይ መጥረብ እንደሚችል ካቦው ከማናቸውም ማመልከቻ አብልጦ ያውቃል። ጉድለቱ ዕውቀቱ በካቦው ራስ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው። ሥራው ሲዘጋ ዕውቀቱም አብሮ ይዘጋል፤ ከካቦው ጋር ትውውቅ የሌለው ባለሙያም ከበር ይመለሳል።

ጉዳቱ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። የአፈር መደገፊያ ግንብ በክረምት የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ደክሞ ሳይሆን፣ ከጀርባው የታቆረው ውሃ ስለሚገፋው ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳውን በልኩ የሚተው፣ የግንቡንም ጀርባ በጠጠር የሚሞላ ግንበኛ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ይህ ሰው ዳባት ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ያለ ማስረጃ ደባርቅ ቢመጣ፣ እንደ ጀማሪ የጉልበት ሠራተኛ ይመዘገባል፤ ክፍያውም እንደዚያው ይሆናል። እርሱ ድንጋይ ሲሸከም ግንቡን ሌላ ይገነባል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በዚያው አሠሪ ዘንድ ለተመሳሳይ ሥራ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው እንደገና ለሙከራ አይያዝም። ውሉ ሲቋረጥም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል።

እንግዲህ በሥራ ቦታ ሊደረግ የሚገባው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካቦው ሰው ይጠቁም፤ ነገር ግን ግንበኛ ነኝ ባይ ሁሉ አንድ ሜትር ግንብ ገንብቶ ፎርማኑና መሐንዲሱ አብረው ይዩለት። ሁለተኛ፣ ማን የትኛውን ግንብ፣ በየትኛው ወር እንደሠራ በመዝገብ ይስፈር፤ ግንቡ ከክረምት በኋላ ሲታይ ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው ባለቤት ያገኛል። ሦስተኛ፣ ምስክር ወረቀቱ ሳይለመን ከመጨረሻው ክፍያ ጋር ይሰጠው።

«ለጥቂት ሳምንት ሥራ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ለሲሚንቶው ከረጢት ገቢና ወጪ የሚሞላ መሥሪያ ቤት፣ ሲሚንቶውን ግንብ ለሚያደርገው ሰው አንድ ገጽ ሊያጣ አይገባም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው።