ልጃችን ቪየና ሲገባ፦ ከእርሱ የሚጠበቀውና ከእኛ የሚጠበቀው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ልጃችን የውጭ ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ቤታችን በደስታ ይሞላል። ዱዓ ይደረጋል፣ ሻንጣው በሽሮና በበርበሬ ይታጨቃል፣ ጎረቤት ሁሉ ሊሰናበተው ይመጣል። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ልጁ ምን እንደሚገጥመው የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። በዛሬው ዝግጅታችን የኦስትሪያን ዋና ከተማ ቪየናን ምሳሌ አድርገን ይህንኑ እንመለከታለን። ዩኒቨርሲቲዋ በ1365 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ከብዙ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችም ይማሩባታል።

ተማሪው ቪየና እንደገባ የመጀመሪያው ሥራው መመዝገብ ነው። ቤት በገባ በ3 ቀን ውስጥ ቅጹን ሞልቶ፣ አከራዩን አስፈርሞ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። ያለዚያች ወረቀት ባንክ ቤትም ሌላ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩ አይቃናለትም። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ አስቤዛውን ያልገዛ እንግዳ ዳቦ ፍለጋ ይንከራተታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ ነው። በር ላይ የሚያግድ ብረት የለውም፤ ትኬት ያለውም የሌለውም ገብቶ ይሳፈራል። ተቆጣጣሪዎቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ያለ ትኬት የተገኘ ከ100 ዩሮ በላይ ይቀጣል። አንዳንዱ ወጣት «ዛሬ አይመጡም» ብሎ ዕድሉን ይሞክራል። ውድ ልጆቻችን! ሙስሊም ትኬት የሚቆርጠው ተቆጣጣሪ ስለመጣ አይደለም። አላህ ያየኛል ብሎ ነው። ያገሩ ሰው አምኖ በሩን ክፍት ትቶልናል፤ ይህ አማና ነው። አማናን መብላት ደግሞ አገር በመቀየር ሐላል አይሆንም።

ወደ ሶላት እንምጣ። እኛ ዘንድ የሶላት ወቅት ከክረምት እስከ በጋ ብዙም አይለዋወጥም። ቪየና ግን በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ያውም በክፍል ሰዓት። በጁን ደግሞ መግሪብ ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ይጠጋል፤ በዒሻና በፈጅር መካከል የሚቀረው ሌሊት የጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው የትምህርት ፕሮግራሙን ሲያወጣ የሶላት ሰሌዳውን አጠገቡ ያስቀምጥ።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄም አለ፤ «ተማሪ ሙሳፊር ነውና ሶላት ማሳጠር ይችላል ወይ?» የሚል። በሻፊዒዮች ዘንድ 4 ሙሉ ቀናት፣ በሐነፊዮች ዘንድ 15 ቀናት ለመቀመጥ የነየተ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ለዓመታት ትምህርት ቤት ተከራይቶ የተቀመጠ ልጅ እንግዲህ ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል።

በምግብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሌበርኬዘ» የሚባል ምግብ አለ። «ኬዘ» አይብ ማለት ስለሆነ ቋንቋውን ጀማሪ የሆነ ተማሪ አይብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተጋገረ ሥጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የአሳማ ሥጋ አለበት። ያላወቁትን ከመብላት መጠየቅ ይሻላል። በ16ኛው ወረዳ ባለው የብሩነን ገበያ አካባቢ ቱርኮች የሐላል ሥጋ ይሸጣሉ። ለእህቶቻችንም እንንገር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሒጃብ መልበስ አልተከለከለችም፤ ፊትን በአደባባይ መሸፈን ግን ከኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው።

ሙስሊሙ በዚያች ከተማ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ኦስትሪያ ቦስኒያን ወደ ግዛቷ ከቀላቀለች በኋላ በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለእስልምና እውቅና ሰጥታለች። በዳኑብ ወንዝ አቅራቢያ ያለው የእስልምና ማዕከል መስጊድም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው። በከተማዋ መስጊዶች ቱርኩ፣ ቦስኒያዊው፣ ዐረቡና አፍሪካዊው በአንድ ሰፍ ይቆማሉ። አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ጁሙዓ መስጊድ ይሂድ፤ ከሶላት በኋላም ቶሎ አይውጣ፤ ቆሞ ሰላምታ ይስጥ። ብቸኝነት ሰውን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ መድኃኒቱም ጀማዓ ነው። ሙስሊም ካልሆኑት የክፍል ጓደኞቹና ጎረቤቶቹም ጋር በመልካም ይኑር፤ ቋንቋቸውን ይማር።

የተከበራችሁ ወላጆች! ከዚህ በኋላ የምንለው ለእናንተ ነው። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለ1 ዓመት ነው። ለማሳደስ በዓመት ቢያንስ 16 የትምህርት ነጥብ ማምጣት ይጠየቃል፤ የዓመቱ ሙሉ ትምህርት 60 ነጥብ ነው። ሥራ ቢያገኝም አሠሪው ፈቃድ አውጥቶለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚሠራው። ከዚያ የሚያገኘው ለኪራይና ለቀለብ ቢበቃው አልሐምዱሊላህ ነው።

እኛ ግን ስንደውል የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምንድን ነው? «ምን ላክህልን?» አንድ ወጣት እናውቃለን። ለቤቱ ጣሪያ፣ ለእህቱ ሠርግ፣ ለዒድ በግ ተጠየቀ። እምቢ ማለት ነውር መስሎት ሌሊት ሌሊት ምግብ ቤት ውስጥ ሰሐን እያጠበ፣ ቀን ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ላከ። ነጥቡ ጎደለ፤ ፈቃዱ አልታደሰለትም። ያለ ዲግሪ ተመለሰ። ጣሪያው ዛሬም አለ፤ ልጁ ግን ከሰው መካከል መግባት አፍሮ ለወራት ከቤት አልወጣም። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገሩን የነገራቸው አልነበረም እንጂ ቢያውቁ ኖሮ አንድ ሳንቲም ባልጠየቁ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ልጁ ተምሮ እስኪጨርስ ገንዘብ አትጠይቁት፤ ዘመድ ጎረቤቱንም ከልክሉለት። ሁለተኛ፣ ስትደውሉ «በላህ ወይ? ሰገድክ ወይ? ፈተናው እንዴት ነው?» በሉት። ሰዓቱንም አስቡለት፤ እናት ሱብሒ ሰግዳ ስትደውል በዲሴምበር እዚያ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ሦስተኛ፣ ችግሩን ሲነግራችሁ አትቆጡት። የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። አንተም ልጃችን፣ አቅምህን በግልጽ ተናገር። «የለኝም» ማለት ወላጅን ማመፅ አይደለም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቋንቋውንና ልማዱን የማያውቁ እንግዶች ነበሩ። ንጉሥ ነጃሺ በፍትሕ አስተናገዳቸው፤ እነርሱም ዲናቸውን ጠብቀው፣ ያገሩን ሰላም አክብረው ኖሩ። እንግዳ እንዴት እንደሚኖር ከእነርሱ የምንማረው ይህንን ነው።

አላህ በሩቅ አገር ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ በሰላም ወደ ወላጆቻቸው ይመልሳቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።