«ልዩነት አልተገኘም» ሲባል ምን እንረዳ? የነርሲንግ ጥናትን ውጤት በጥንቃቄ ስለማንበብ

የዛሬው ትምህርታችን በተለይ ለነርሶች፣ ለነርሲንግ ተማሪዎችና ለአማካሪ መምህራን የተሰናዳ ነው። ሆኖም ሆስፒታል ገብቶ ዘመድ ያስታመመ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። በጥናት ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው አልጋ ላይ በተኛው ታካሚ ላይ ነውና።

«ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም።» ይህን ዐረፍተ ነገር የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ድምዳሜው ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ልዩነት አለማየት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነት አለመኖሩን ማረጋገጥ ሌላ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ተመራማሪው ሁለት የእንክብካቤ ዘዴዎችን ሲያወዳድር «በመካከላቸው ልዩነት የለም» ከሚል መላምት ይነሣል። ይህን ባዶ መላምት እንለዋለን። የሰበሰበው መረጃ ይህን መላምት ለመጣል በቂ መሆን አለመሆኑን ይፈትሻል። በፍተሻው ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው፣ የሌለን ልዩነት አለ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ሆስፒታሉ የማይጠቅም ዕቃ ይገዛል፤ ነርሷም ፋይዳ በሌለው ሥራ ትደክማለች። ሁለተኛው፣ ያለን ልዩነት የለም ማለት ነው። በዚህኛው ደግሞ ታካሚውን ይረዳ የነበረ እንክብካቤ ሳይሞከር ይቀራል።

በተለመደው አሠራር ለመጀመሪያው ስሕተት 5 በመቶ (0.05 የሚባለው ድንበር ይኸው ነው)፣ ለሁለተኛው 20 በመቶ ዕድል ይተዋል። ይህም ማለት በሚገባ የታቀደ ጥናት እንኳ፣ የሚፈልገው ልዩነት በእርግጥ እያለ፣ ከአምስት ጊዜ አንዴ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። የናሙናው ቁጥር ሲያንስ ይህ ዕድል በጣም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1978 ፍሬይማንና ባልደረቦቹ «ውጤት አልተገኘባቸውም» የተባሉ 71 የሕክምና ጥናቶችን እንደገና መረመሩ። ከእነዚህ 50ዎቹ የታካሚው ሁኔታ በግማሽ ቢሻሻል እንኳ ያንን ሳያዩ ሊያልፉት ይችሉ እንደነበር አሳዩ።

አሁን ወደ ሁለት እውነተኛ የነርሲንግ ጥናቶች እንሂድ።

የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የፍራሽ ጥናት ነው። ጥያቄው የመኝታ ቁስልን የሚመለከት ነበር፤ አየር እየተለዋወጠ የሚሞላው ፍራሽ ይሻላል ወይስ ጥራት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ? በጥናቱ 2,029 ታካሚዎች በዕጣ ተደለደሉ። አየር በሚሞላው ፍራሽ ላይ ከተኙት 6.9 በመቶው፣ በስፖንጁ ላይ ከተኙት 8.9 በመቶው አዲስ ቁስል አወጡ። ፒ-ቫልዩው 0.089 ሆነ።

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? በሁለቱ ፍራሾች መካከል በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ ጊዜ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይታይ ነበር ማለት ነው። «ባዶ መላምቱ እውነት የመሆን ዕድሉ 9 በመቶ ነው» ማለት ግን አይደለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ፒ-ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ አስታውቋል።

እንግዲህ «ፍራሾቹ እኩል ናቸው» እንበል? አንበል። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማማውን የልዩነት ክልል ስናይ፣ አየር የሚሞላው ፍራሽ የቁስልን አደጋ እስከ 44 በመቶ ሊቀንስ ወይም እስከ 4 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል እናያለን። መረጃው ከሁለቱም ጋር ይስማማል። በተጨማሪም ጥናቱ እስከ 2,954 ታካሚዎችን ለማካተት ታቅዶ ነበር፤ ያገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ንባብ «ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ግን አልተረጋገጠም» የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥናት ካኑላን፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ይመለከታል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በነርሷ ተመራማሪ በፕሮፌሰር ክሌር ሪካርድ መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በብዙ ሆስፒታሎች ካኑላ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይቀየር ነበር፤ ደም ሥሩ እንዳይቆጣ፣ ማለትም ፍሌባይተስ እንዳይመጣ። ተመራማሪዎቹ 3,283 ታካሚዎችን በዕጣ ደለደሉ። ለአንደኛው ቡድን ካኑላው በየሦስተኛው ቀን ተቀየረ፤ ለሌላው የተቀየረው ሕመም፣ መቅላት፣ እብጠት ወይም መዘጋት ሲታይ ብቻ ነበር። በሁለቱም ቡድኖች ፍሌባይተስ የያዛቸው 7 በመቶ ገደማ ሆኑ።

ይህም «ልዩነት አልታየም» የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን ከፍራሹ ጥናት በእጅጉ ይለያል። ተመራማሪዎቹ ጥናቱን ሳይጀምሩ «ልዩነቱ ከ3 በመቶ ካላለፈ ሁለቱን እኩል እንላቸዋለን» ብለው ወስነው ነበር። የተገኘው ልዩነት ከግማሽ በመቶ በታች ነው፤ ኢንተርቫሉም ሲሰፋ ከ2.15 በመቶ አላለፈም። ሙሉ በሙሉ በተወሰነው ድንበር ውስጥ አረፈ። ስለዚህ እዚህ ላይ እኩልነትን በድፍረት መናገር ይቻላል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2014 ካኑላ በቀን ቆጠራ ሳይሆን ምልክት ሲታይ እንዲቀየር መክሯል። ታካሚው ያለ አስፈላጊነቱ ከመወጋት፣ ነርሷም ከከንቱ ድካም ዳኑ። እርግጥ ነው፣ ይህ የሚሠራው የካኑላው ቦታ በየጊዜው በጥንቃቄ ሲታይ ነው።

አድማጮች፣ በተቃራኒው በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ሆነ ማለት ግኝቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። በአሥር ሺህ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት የደም ግፊትን በአንድ ነጥብ ብቻ የሚያወርድ ምክርን «ጉልህ ልዩነት አሳየ» ሊለው ይችላል። አንድ ነጥብ ግን በታካሚው ሕይወት ላይ ምን ይለውጣል? ነርሷ መጠየቅ ያለባት ይህን ነው። ሌላው ወጥመድ ብዙ ፍተሻ ማድረግ ነው። ምንም እውነተኛ ልዩነት በሌለበት እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ጥያቄዎችን ብንፈትሽ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ከ0.05 በታች የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ከሃያው አንዱን ብቻ መርጦ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

እንግዲህ ማንኛውንም ጥናት ስታነቡ ሦስት ጥያቄዎችን አንሡ። አንደኛ፣ የናሙናው ብዛት አስቀድሞ ተሰልቷል ወይ? ለምን ያህል ልዩነት? ሁለተኛ፣ ኢንተርቫሉ ከየት እስከ የት ነው? ሁለቱም ጫፎች ለታካሚው ምን ማለት ናቸው? ሦስተኛ፣ ዋናው ጥያቄ መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ተወስኗል ወይስ ውጤቱ ከታየ በኋላ ተመረጠ?

ለአማካሪ መምህራንም አደራ አለኝ። ተማሪያችሁ ጥናቱን በሥርዓት ካቀደና በታማኝነት ከሠራ፣ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ሆነ ብላችሁ ሥራውን አታሳንሱበት። እናንተ ተማሪዎችም የምትፈልጉት ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ስሌቱን አትደጋግሙ፤ ያገኛችሁትን እንዳለ ጻፉ። በጽሑፋችሁ ተማምኖ የሚሠራ ነርስ፣ በእጁም የሚታከም ሰው አለና።