ሳይመረምሩ እጅ ማውጣት ይብቃ!



የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ሕሊና ግን ያለ መረጃ አይፈርድም። የውጭ ብድር ሲጸድቅ ስለ ወለዱ የሚያስረዳው ተበዳሪው መንግሥት ብቻ ከሆነ፣ ተወካያችሁ እጁን ያወጣል፤ ዕዳውን እናንተ ትከፍላላችሁ።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1914 የራሱን የጥናት ክፍል አቋቋመ። ባለሙያዎቹ የአገር ውስጥ ፖሊሲንና የውጭ ጉዳይን ለሁሉም ፓርቲዎች እኩል ያጠናሉ። በ2018 የወጣ ሕግም ጥናቶቹ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ አዟል።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ብቻ የሆነ የጥናት ክፍል ያቋቁማል። ነገ ተቃዋሚዎቻችንም እኛን ይጠይቁበታል፤ እናንተም ታነቡታላችሁ።

ድምፃችሁን መርምሮ ለሚወስን ተወካይ ስጡ!