የካምፕ ተጎታችና የክብደቱ ጥያቄ



በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ አብዛኛው ጠጠራማ የሆነውን የጊብ ሪቨር መንገድ፣ መኝታውንና ማብሰያውን በአነስተኛ ተጎታች ጭኖ የሚያቋርጥ መንገደኛ ጥቂት አይደለም። ገዢው አስቀድሞ የሚመረምረው ፍራሹንና ምድጃውን ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን ከወለሉ በታች ነው።

መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ማጠራቀሚያው ከአክስሉ በስተኋላ የተቀመጠ እንደ ሆነ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ ተጎታቹም በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ጎታቹን መኪና ጭምር ሊገለብጥ ይችላል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል በመንጠቆው ላይ እንዲያርፍ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። በዚያ አገር ደንብ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተጎታች ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው።

ጎማው ከመኪናው ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ትርፉ ለሁለቱም ያገለግላል። በሻጮች ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታየው ባዶ ክብደቱ ነውና፣ ባለቤቱ ውሃውንና ስንቁን ከጫነ በኋላ ሚዛን ላይ ያውጣው።