ሦስት ቀለም ያለው መጽሐፍ

የማታው መርሐ ግብር ተመራቂዎች፣

እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ለገሀር አካባቢ በአዟሪነት ነው። መጻሕፍቱን በግራ ክንዴ ላይ ደራርቤ፣ የላይኛውን በአገጬ ደግፌ ከካፌ ካፌ እዞር ነበር። ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አዲስም አሮጌም እሸጣለሁ፤ ሰው አንብቦ የጨረሰውንም እገዛለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእጄ ቶሎ ቶሎ የሚነሡት እኛ «የሥነ ልቦና» የምንላቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ ልማድ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ገንዘብ፣ በራስ ስለ መተማመን የሚመክሩት። ልጆቼን ያሳደግሁት እነሱን ሸጬ ነው። የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም። ግን ደግሞ አንድ ሰው ብር አውጥቶ የገዛኝን ነገር እውነቱን ልነግረው ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

አሮጌ መጽሐፍ ስገዛ ዋጋ ከመቁረጤ በፊት ገጾቹን አገላብጣለሁ። የሥነ ልቦና መጽሐፍ ከሆነ የማየው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ገጾቹ ላይ መስመር በመስመር ተሰምሮበታል። ኅዳጉ ላይ «ከነገ ጀምሮ!» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ስክሪብቶው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ እንደ አዲስ ነው። «ከነገ ጀምሮ» ያለውን ሰው ሳስበው ሰነፍ ነው ብዬ አላውቅም። ቀን ሲሠራ ውሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ብቻውን በአንድ አምፖል ሥር ሕይወቱን ሊለውጥ የተቀመጠ ሰው ነው የሚታየኝ። ብቻውን መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ።

ባለፉት ዓመታት ከገዛኋቸው መካከል አንዱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰምሮበታል፤ ያውም በሦስት ቀለም። እሱን ይዤው መጥቻለሁ። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

«ራስን መርዳት» የሚለውን ስም ለእነዚህ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ያወረሰው ሳሙኤል ስማይልስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው። በዚህ ርዕስ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1859 ታተመ። ርዕሱን ብቻ ያየ፣ ለብቻው ታግሎ የወጣ ጀግና ታሪክ ይመስለዋል። አመጣጡ ግን ሌላ ነው፤ ደራሲው ራሱ በመግቢያው ላይ አስፍሮታል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ፣ ሁለት ሦስት የድሃ ልጆች በብርዱ ወራት ማታ ማታ እየተገናኙ የሚያውቁትን ሊለዋወጡ ይስማማሉ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት ከመካከላቸው በአንደኛው ጎጆ ነበር። ቁጥራቸው ሲጨምር ቤቱ ጠበባቸው፤ በጋ ሲገባ ወደ ጓሮ ወጡ። ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ መቶ ያህል ሆነዋልና የሚከራዩት ሰፊ ክፍል መፈለግ ነበረባቸው። ያገኙት ቀደም ሲል የኮሌራ ሕሙማን የተኙበትን፣ ሰው ሁሉ እየፈራ የሚሸሸውን ክፍል ነው። ተከራዩት። ትንሽ የሚያውቀው ምንም ለማያውቀው ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብና ጂኦግራፊ ያስተምር ጀመር። ከዚያ ስማይልስን ጠርተው «እስቲ ንገረን» አሉት፤ ሄዶም ነገራቸው። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ምሽት፣ ከብረት ማቅለጫ ሥራ በቀጥታ የመጣ የሚመስል ወጣት ቢሮው ድረስ መጣና ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ለመሆን እንደ በቃ ነገረው። ስማይልስ ንግግሩን ወደ መጽሐፍ እንዲለውጥ ያነሣሣው ይህ ነው።

እንግዲህ «ራስን መርዳት» የተወለደው የማታ ተማሪዎች ተጋግዘው በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ያነበብኩ ዕለት የመጣችሁብኝ እናንተ ናችሁ። አንዱ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ሲያስደርግ፣ ሌላዋ ከሥራ ያረፈደውን ልጅ ወንበር ስትይዝለት፣ ፈተና ሲደርስ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆናችሁ ስታመሹ ታዩኝ፤ በየምሽቱ በሱቄ በር ስታልፉ አያችሁ ነበርና።

የዴል ካርኔጊን መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ስለ መወዳጀት የጻፈውን። እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የታተመው። ሰውዬው ሚዙሪ ውስጥ የድሃ ገበሬ ልጅ ሆኖ አደገ፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ኒውዮርክ በሚገኘው ወወክማ ማታ ማታ ንግግር ያስተምር ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ ከፖስት ካርድ የማይበልጥ ወረቀት ላይ የታተሙ ጥቂት ምክሮች ነበሩ። ተማሪዎቹ ካርዱን ይዘው ይሄዳሉ፣ በቤታቸውና በመሥሪያ ቤታቸው ይሞክሩታል፤ ተመልሰው የሆነውን ለክፍሉ ይናገራሉ። በዚህ ዓይነት ካርዱ ሰፋ፣ በራሪ ወረቀት ሆነ፣ ከ15 ዓመት በኋላም መጽሐፍ ወጣው። እኛ ዛሬ የምንገዛው ውጤቱን ነው። ሞክሮ ተመልሶ የሚናገርበት ክፍል ግን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አይሸጥም።

ሦስተኛው ቪክቶር ፍራንክል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በሱቄ ካሉት ሁሉ የምሳሳለት የሱ መጽሐፍ ነው። ፍራንክል የቪየና ሰው፣ የአእምሮና የነርቭ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ከነቤተሰቡ አጋዙት። አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን በካምፖቹ አጣ። ኮቱ ውስጥ ደብቆት የነበረውን፣ ለዓመታት የደከመበትን የመጽሐፍ ረቂቅ ኦሽዊትዝ ሲደርስ ቀሙት። ከእልቂቱ ተርፎ ሲወጣ ያየውን በዘጠኝ ቀን ውስጥ አስጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። መጀመሪያ ያሰበው ስሙን ሳይጠቅስ፣ በእስረኛ ቁጥሩ ብቻ ሊያወጣው ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ የአንድ ምሽት ታሪክ አለ። አንድ በረሃብ የተንገላታ እስረኛ ከመጋዘን ጥቂት ድንች ይሰርቃል። ጠባቂዎቹ «ሌባውን አውጡ፤ ካላወጣችሁ ካምፑ በሙሉ አንድ ቀን ምግብ አያገኝም» ይላሉ። ሰውየውን ማውጣት ማለት ለመስቀያ አሳልፎ መስጠት ነው። 2,500 ሰው፣ ያ በየቀኑ እየሞተ ያለ ሰው፣ ጾሙን መረጠ። ያን ዕለት ማታ ሁሉም በጎጆው ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር አስጠልቶታል። በዚህ መሐል መብራቱ ጠፋ። የክፍሉ አለቃ ፍራንክልን «አንድ ነገር ንገራቸው» አለው። ፍራንክልም በርዶታል፣ ርቦታል፣ ሆድ ብሶታል። ቢሆንም በጨለማው ውስጥ ተናገረ። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ጓደኞቹ እንባ ባቀረረ ዓይን እያነከሱ ሊያመሰግኑት ሲመጡ አየ። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ያነበቡት ትምህርት፣ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ለተራቡ ጓደኞች የተነገረ ቃል ነበር።

እኛም ዘንድ ቢሆን ምክር ብቻውን አልኖረም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ለተማሪዎቻቸውና ለልጆቻቸው የመከሩትን የያዘ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለምክር መጽሐፋቸው የሰጡትን ርዕስ ተመልከቱ፦ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»። ርዕሱ ውስጥ ራሱ ሁለት ሰው አለ።

አሁን ደግሞ ስለ 21 ቀን ልንገራችሁ፤ ደንበኞቼ በጣም የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። «በ21 ቀን ልማድ የሚያስለውጠው መጽሐፍ አለ?» ይሉኛል። የቁጥሩ ምንጭ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ሕሙማኑ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ድረስ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ጻፈ። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ወደቀ፤ የፊት ገጽታን መልመድም ማንኛውንም ልማድ መትከል ሆነ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ፈቃደኞችን በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር እንዲያደርጉ አድርገው ተከታተሏቸው። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን እንደ ስሌታቸው ከ18 እስከ 254 ቀን ይወስዳል፤ መካከለኛው ቁጥር 66 ነው። አንድ ቀን መዝለልም ሥራውን አያበላሽም ብለዋል። ይህን ለደንበኛ ስናገር አንዳንዱ ቅር ይለዋል። እኔን ግን ያጽናናኛል። በ22ኛው ቀን ያልተለወጠ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ የዘለለም ቢሆን በማግስቱ «ና፣ እንቀጥል» የሚለው ሰው ካለው ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ከወራት በፊት የሸጥኩለትን መጽሐፍ ይዞ ነበር፤ የፈለጉትን አጥብቆ ማሰብ ብቻ ሀብትም ሥራም ያመጣል ከሚሉት አንዱን። «ጋሼ፣ መልሰው ይግዙኝ» አለኝ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማመልከቻ ያስገባባቸውን ቦታዎች ሲቆጥርልኝ ጣቶቹ አልበቁትም። «ምነው፣ አልወደድከውም?» ስለው ዓይኑን ሰበረ። «ችግሩ የኔ ነው። በደንብ አላመንኩም መሰለኝ» አለኝ።

ተመራቂዎች፣ ይህን ስሙኝ። ያን ልጅ ሥራ ማጣቱ ሳያንስ መጽሐፉ ጥፋተኛ አድርጎ ሰደደው። ሥራ የሚገኘውና የሚታጣው በሰው ልብ ውስጥ ባለ ነገር ብቻ አይደለም። የሥራ ፈላጊው ብዛት አለ፣ የኑሮው ውድነት አለ፣ የሰላሙ ነገር አለ፣ ዘመድ ያለውና የሌለው አለ። ትጋት ያስፈልጋል፤ እኔም በትጋት ነው እዚህ የደረስኩት። ነገር ግን ደጅ ጠንታችሁ ስትመለሱ ጉድለቱን ሁሉ በራሳችሁ ላይ የሚጭን መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ዝጉት። እኔ ያን ዕለት ገንዘቡን መለስኩለት፤ እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍም ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ደርድሬ አላውቅም። ልጁን ሻይ ጋብዤው ስናወራ ያወቅኩት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከክፍል ጓደኞቹ አንዱንም አላገኘም። አፍሮ ስልክ ማንሣት ትቶ ነበር።

እናንተም ከነገ ጀምሮ የምትበተኑት ወደዚህ ብቸኝነት ነው። ጥቁሩን ጋውን መልሳችሁ፣ ፎቶውን ተነሥታችሁ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ለጥቂት ሳምንት ይሞቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አንዱ ቶሎ ይቀጠራል፤ ሌላው ይቆያል። የቆየው ያፍራል፤ የተቀጠረው ጊዜ ያጣል። አደራ የምላችሁ እዚህ ላይ ነው። የቀናው ላልቀናው ይደውል። ያልቀናውም ስልኩን ያንሣ። ወላጆቻችሁ ለሐዘን ዕድር አላቸው፤ ቢጠሩም ባይጠሩም ድንኳን ይተክላሉ፤ የቀረውም ይጠየቃል፣ ይቀጣል። እናንተ ደግሞ ለሥራ ፍለጋው፣ ለንባቡ፣ ለተስፋ መቁረጡም ቀን አንድ ነገር አቋቁሙ። በወር አንድ ጊዜ ይሁን። ሦስት ሰው ይበቃል።

ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው። ይህን ይዤው የመጣሁትን ባለ ሦስት ቀለም መጽሐፍ የሸጠችልኝ ልጅ ሳሪስ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ብር አዋጥተው ነው የገዙት። የመጀመሪያዋ በሰማያዊ አሰመረች፣ ሁለተኛዋ በቀይ፣ ሦስተኛዋ በእርሳስ። ገጽ 41 ላይ በቀይ «ይሄ እዚህ አገር አይሠራም» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ «ለምን አይሠራም? እሑድ እንነጋገር»። ሽፋኑ ውስጥ፣ ባዶው ወረቀት ላይ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለ፤ በየቀኑ ያነበቡትንና የቆጠቡትን ምልክት ያደርጉበታል። በእርሳሷ ልጅ ረድፍ ላይ አሥራ አንድ ቀን ባዶ ነው። ከአሥራ አንዱ ባዶ ቀን ጎን በሰማያዊ ስክሪብቶ «ታማ ነበር፤ አይቆጠርም» ተብሎ ተጽፏል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእርሳሱ ምልክት ተመልሷል።

ከሦስቱ አንዷ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሲሆን ዕቃ ተከፋፈሉ። መጽሐፉን ማን ይውሰድ በሚለው መስማማት ስላቃታቸው ሸጠው በገንዘቡ አብረው ምሳ ሊበሉ ወሰኑ። የሚሸጥ አልመሰለኝምና እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ አላወጣሁትም።

ከዚህ መድረክ ስወርድ ለተመራቂዎች ተወካይ አስረክበዋለሁ። ከእናንተ የመጀመሪያው ሦስት ይውሰደው፤ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ሦስት ያስተላልፍ። ኅዳጉ ላይ ገና ብዙ ቦታ አለ፤ በአረንጓዴ የጻፈበትም ሰው የለም።