ጉቦን ለፖሊስ ስለ ማመልከት
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ጉቦ ነው። ጉቦ መጥፎ መሆኑን ለመናገር ግን አልመጣንም፤ ያንንማ የሚቀበለውም ሰው ያውቀዋል። የምንጠይቀው፥ ጉቦ የተጠየቀ ሰው ለፖሊስ ሳያመለክት ስለ ምን ይቀራል? ብለን ነው።

አንደኛው ምክንያት ስሙ ነው። አባቶቻችን መማለጃ፥ እጅ መንሻ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «የሻይ» ይባላል። ሻይ ጠየቀኝ ብሎ ማን ይከሳል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ጉቦን ያሳደግነውም እኛው ነን።

የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይቀጣል። ስለዚህ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው፥ ክሱን ይዞ ሲገባ የራሱንም ጥፋት ይዞ ይገባል። ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት የደረሰበት ይኸው ነው። ፋይልህ ጠፍቷል እየተባለ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላለሰ፤ አምስት መቶ ብር በሰጠ ዕለት ፋይሉ ከሰዓት በኋላውን ተገኘ። እናመልክት ብንለው፥ «ምን ብዬ? ሰጠሁ ብዬ?» አለን። መልስ አጣንለት።

መልሱ የነበረው ከመስጠቱ በፊት ነው። በሕጉ መጠየቁ ራሱ ወንጀል ነውና። የተጠየቀው ሰው ብሩ ከኪሱ ሳይወጣ ካመለከተ፥ ፖሊስ የብሮቹን ቁጥር አስቀድሞ ሊመዘግብና ተቀባዩን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ይችላል። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሠራው የነበረው ምርመራም በ2008 ዓ.ም. ወደ ፌዴራል ፖሊስ ስለ ተዛወረ፥ ይህ ጉዳይ የፖሊስ ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጠቋሚው ማንነት እንዲሠወር ይፈቅዳል። አዋጁ በጋዜጣው ላይ ያለውን ያህል በየጣቢያው በር ይታወቃል ለማለት ግን አንደፍርም። የሚያመለክት ሲበዛ ይታወቅ ይሆናል።

ወንድማችን ዘንድሮም ለማኅተም ወደዚያው መስኮት መሄዱ አልቀረለትም፤ ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ነው። ሻይ ከተጠየቀ ምንም ሳይሰጥ ይመለሳል፤ ከእኛም ሦስት ሰዎች አብረውት ወደ ጣቢያ ይሄዳሉ። ሁለቱ ተገኝተዋል፤ ሦስተኛውን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ እንፈልጋለን።